የምክር ዓምድ፦ «ባለታሪኬ ተጸጸተ፣ አንባቢ ግን አላመነውም»

«ለምክር ዓምድ አዘጋጆች፤ እንደምን ከርማችኋል? የምጽፈው ምናባዊ ልቦለድ አለኝ። 38 ምዕራፍ፣ 312 ገጽ ደርሷል። ባለታሪኬ ደምሳሽ ይባላል። ለአንድ ጨካኝ ንጉሥ ያደረ አስማተኛ ነበር፤ ሥራው የሰው ስም መውሰድ ነው። ስሙ የተወሰደበትን ሰው ማንም ሊጠራው አይችልም፤ እናቱ እንኳ እያየችው ማን እንደሆነ ይጠፋባታል። ደምሳሽ በአንድ ሌሊት ከአንዲት የወንዝ ዳር መንደር የ41 ሰው ስም ወሰደ። ከ11 ዓመት በኋላ ንጉሡ ተሸንፎ ሲሞት ተጸጽቶ ስሞቹን ሊመልስ ይነሣል። 9ኙን ከመለሰ በኋላ አንዲት ሕፃን ከእሳት አድኖ ይሞታል። ለአምስት ጓደኞቼ አስነበብኩት። ሁለቱ ‹ቶሎ ይቅር ተባለ› አሉ። አንዷ ‹ከመጀመሪያውም ክፉ አይመስልም› አለች። አንዱ ‹እንድናዝንለት ለምን ትለምኚናለሽ?› አለኝ። አምስተኛው አልጨረሰውም። ጥፋቱን ሳላቃልል ንስሐውን እንዴት ላሳምን? መሞቱስ ልክ ነው? 1ኛውን፣ 3ኛውንና 21ኛውን ምዕራፍ ከታሪኩ ማጠቃለያ ጋር ልኬላችኋለሁ። እህታችሁ፣ ከደሴ።»

እህታችን፣ የላክሽውን ሁሉ አንብበናል። ጓደኞችሽ የተለያየ አስተያየት የሰጡሽ ይመስላል እንጂ የነገሩሽ አንድ ነገር ነው። ደምሳሽ ሲያዝን፣ ሲያለቅስ፣ ሌሊት ሲባንን በደንብ እናየዋለን። የበደላቸውን ሰዎች ግን አናያቸውም። ሦስቱን ምዕራፎችና ማጠቃለያውን ደጋግመን ፈለግን፤ ከ41ዱ አንዳቸውም በስም አልተጠሩም። «መንደርተኛው»፣ «አንዲት ሴት»፣ «ምስኪኖቹ» ነው የሚባሉት። ደምሳሽ ስማቸውን ወሰደ፣ መጽሐፉም አልመለሰላቸውም። አንባቢ ይህን በቃል ባያስረዳሽም ይሰማዋል። በዳዩን ብቻ ካሳየሽው፣ ይቅርታ የምትጠይቂው ለማን እንደሆነ ይጠፋበትና ከራሱ ከአንባቢው የምትጠይቂ ይመስለዋል። «ለምን ትለምኚናለሽ?» ያለሽ ጓደኛሽ ያገኘው እሱን ነው።

ስለዚህ ልቦለዱን ለጊዜው ዝጊውና ባዶ ደብተር ያዢ። 41 መስመር አስምሪ፤ ይህ የደምሳሽ የዕዳ መዝገብ ነው። በየመስመሩ አምስት ነገር ጻፊ፦ የሰውየው ስም፣ ያን ሌሊት ምን ሲያደርግ እንደነበር፣ ስሙን በማጣቱ ምን እንደቀረበት፣ ዛሬ በማን እጅ እንደሚኖር፣ በመጨረሻም ስሙ ቢመለስለት እንኳ የማይመለስለት ምን እንደሆነ። ታሪክሽ ያለው በአምስተኛው ላይ ነው። ለምሳሌ ሠርጓ ሁለት ሳምንት የቀራት ልጅ ስሟ ቢወሰድና እጮኛዋ ሌላ አግብቶ ሦስት ልጅ ቢወልድ፣ ስሟን መመለስ ባሏን አይመልስላትም። አባቱ ያወረሰውን መሬት ወንድሙ አሥራ አንድ ዓመት ያረሰበት ሰውም አለ፤ ያ ወንድም የሰውየው ስም እንዲመለስ አይፈልግም፣ ደምሳሽንም በሩ ላይ በዱላ ይጠብቀዋል። አየሽ፣ ደግ ሥራ ራሱ አዲስ ጠብ ይዞ መጣ። ከ41ዱ ውስጥ በመጽሐፉ ሙሉ ሰው ሆነው የሚታዩት ከአራት አይብለጡ። የቀሩት አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃቸዋል፤ ነገር ግን ሁሉም በስማቸው ይጠሩ።

አሁን ወደ 1ኛው ምዕራፍ። «ከመጀመሪያውም ክፉ አይመስልም» ያለችሽ ጓደኛሽ ልክ ናት፤ ጥፋቱም ያለው ገጽ 6 ላይ ነው። ደምሳሽ የመጀመሪያውን ስም ሲወስድ «እጁ ተንቀጠቀጠ» ብለሻል። አንባቢ ያን እጅ ካየ በኋላ ሰውየው ውስጡ ደግ እንደሆነ ያውቃል፤ ወደፊት የሚለወጥ ነገር አልቀረም። መንቀጥቀጡን አውጪው። ሥራውን በደንብ የሚችል፣ በችሎታውም የሚኮራ ሰው ይሁን። 41ዱን ጨርሶ እጁን ታጥቦ እራቱን ይብላ፤ ወጡ ጨው እንደበዛበት ይናገር። ሌላም አለ፤ በአንቺ ጽሑፍ ሁሉንም ያደረገው ታዝዞ ነው። ታዛዥ ብቻ የሆነ ሰው ጥፋት የንጉሡ ነው፣ ንስሐውም የተውሶ ይሆናል። ማንም ያላዘዘውን አንድ ነገር ስጪው። ንጉሡ የአዋቂዎቹን ስም ብቻ ይዘዝ፤ ሕፃናቱን ደምሳሽ በራሱ ይጨምር፣ «ሲያድጉ ደም መላሽ እንዳይሆኑ» ብሎ። በኋላ ሰውየው ለራሱ እንኳ ሊናገረው የሚያቅተው ይህ ነው፣ ኑዛዜው ሲመጣም መጨረሻ የሚወጣው ይኸው ነው።

ይህን ምዕራፍ በደምሳሽ ዓይን አትተርኪው። አሁን 38ቱም ምዕራፍ የሚተረከው በእሱ አንጻር ነው። ቢያንስ ሰባቱን ለተበዳዮቹ ስጪ፤ የመጀመሪያው የእነሱ ይሁን።

3ኛው ምዕራፍ ላይ 22 ገጽ ምልሰት አለ፤ የሙት ልጅነቱ፣ የእንጀራ አባቱ ጅራፍ፣ በብርድ ማደሩ። በደንብ ተጽፏል፣ ለመቁረጥም እንደሚያሳዝንሽ እናውቃለን። ነገር ግን ያለበት ቦታ ጎድቶታል። ከወንጀሉ ቀጥሎ ልጅነቱን ስታመጪ አንባቢ ጠበቃ የቆመለት ይመስለዋል፤ ክሱ ሳይነበብ መከላከያው ቀረበ። ወደ ሁለት ገጽ አሳጥሪውና ከግማሹ በኋላ ውሰጂው፣ ይቅርታ ከሚጠይቅበት ትዕይንትም አርቂው። የሚናገረውም እሱ ባይሆን ይሻላል። በልጅነቱ የሚያውቁት አንድ ሽማግሌ «እኔም አብሬው ተገርፌያለሁ፤ የማንንም ስም አልወሰድኩም» ቢሉ ያ ሁለት ገጽ ከ22ቱ ይበልጣል።

የሚለወጥበትን ጊዜም እንይ። ንጉሡ ከሞተ በኋላ ነው የሚጸጸተው። ጌታው የወደቀበት ሰው ሲጸጸት የሚታየው ፍርሃት ነው፤ መጠጊያ ፍለጋ ነው። ለውጡን ንጉሡ በሕይወት እያለ፣ ደምሳሽ እያሸነፈ፣ ሹመት እየጠበቀ ባለበት ሰዓት አድርጊው፤ ዝም ቢል የሚያተርፍበት ጊዜ ይሁን። መጠኑም ትንሽ ይሁን። በሕልም ያየው ብርሃን፣ ከሰማይ የመጣ ድምፅ አያስፈልግሽም። የእኛ አገር አንባቢ ይህን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ የበላኤ ሰብእን ታሪክ ሰምቶ ያደገ ነውና። 78 ነፍስ የበላው ሰው በሚዛን ሲቀመጥ የሚደፋለት ለተጠማ ድውይ በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው። አተራረኩን ልብ በይው። በደሉ በቁጥር ተነግሯል፣ ደጉ ሥራ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ነው፣ ሰውየውም ያን ውኃ ሲሰጥ ሌላ ሰው አልሆነም፤ በልመናው መጨረሻ ነው እጁ የተፈታው። ፍርዱንም የሰጠው እሱ አይደለም። አንቺም ቁጥሩን (41) አስቀድመሽ አስቀምጠሻል፤ የሚጎድልሽ ጥርኙ ነው። የውኃውን ታሪክ ግን አትድገሚው። ያ የምሕረት ታሪክ ነው፤ 78ቱ ሟቾች ሲናገሩ አንሰማም፣ የታሪኩ ዓላማም እነሱን ማናገር አይደለም። የአንቺ ልቦለድ በሰውና በሰው መካከል ስላለ ዕዳ ነው፣ 41ዱም በሕይወት አሉ። እነሱ መናገር አለባቸው።

ጸጸት በንግግር ሳይሆን በአኗኗር እንዴት እንደሚታይ ሌላ የምታውቂው ምሳሌ አለ። ሙሴ ጸሊም የሽፍቶች አለቃ ነበር፤ በግብፅ በረሃ በአስቄጥስ መንኵሶ ኖረ። በአንድ ወንድም ላይ እንዲፈርድ በተጠራ ጊዜ አሸዋ የሚያፈስ ቅርጫት ተሸክሞ ገባ፣ በሌላ ትረካ ደግሞ ውኃ የሚያፈስ እንስራ ነው። ኃጢአቱ ከኋላው እየፈሰሰ እሱ ሳያየው በሌላ ሊፈርድ መምጣቱን ለማሳየት ነው። ያን ቅርጫት ለራሱ ምሕረት አልለመነበትም፤ ሌላ ሰው ከፍርድ እንዲያመልጥ ተጠቀመበት። ደምሳሽም ድሮ እሱ ያደረገውን ያደረገ ሌላ ሰው ይግጠመው። ያኔ የሚያደርገው ነገር ከአሥር ገጽ ልቅሶ የበለጠ ይነግረናል።

አሁን ስለ አስማቱ፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንነጋገር፣ ምናባዊ ልቦለድ የሚቆመውም የሚፈርሰውም በዚህ ነውና። በማጠቃለያሽ መሠረት ደምሳሽ ስም ሲመልስ ምንም አይጎድልበትም፤ ቃሉን ይናገራል፣ ስሙ ይመለሳል። እንግዲያው ዕዳውን የሚከፍለው ከሌላ ሰው ኪስ ነው። ኃይሉን በሙሉ ብትነጥቂውም አያዋጣም፤ መበደል የማይችል ሰው ደግ መሆኑ አይለይም። ኃይሉ ይኑር፣ መመለስ ግን ዋጋ ይጠይቅ። የምንመክርሽ ዋጋ ትዝታ ነው፤ አንድ ስም ሲመልስ ከራሱ ትዝታ አንዱ ይጥፋ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ስሕተት አለ። የሚጠፋው ትዝታ የወንጀሉ ከሆነ ደምሳሽ በከፈለ ቁጥር እየቀለለው ይሄዳል፣ በመጨረሻ ምንም የማያስታውስ ንጹሕ ሽማግሌ ይሆናል። ይህ ቅጣት ሳይሆን ሽልማት ነው። የሚጠፋው ደስ የሚለው ትዝታ ይሁን። እናቱ የጠራችው ድምፅ፣ መጀመሪያ የጋለበው በቅሎ፣ አንድ የክረምት ምሽት የበላው እሸት። በ41ኛው ስም ላይ በራሱ ውስጥ የሚቀረው ያ የወንዝ ዳር ሌሊት ብቻ ነው።

ሕጉን በመጀመሪያዎቹ 50 ገጾች ውስጥ በንግር፣ ማለትም አስቀድመሽ በመጠቆም፣ አስቀምጪው፤ ለምሳሌ ሌላ አስማተኛ ስም ሲመልስ የገዛ ልጁን ዘፈን ሲረሳ እንየው። ዘግይቶ የተነገረ ሕግ ለደራሲዋ ማምለጫ ይመስላል። ካስቀመጥሽው በኋላ ደግሞ አታላዪው፤ አንድ ጊዜ በነጻ ከመለሰ 41ዱም በነጻ ይመለሱ የሚል አንባቢ ይመጣብሻል። ፈተናም ያስፈልገዋል፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ። በአሮጌው መንገድ፣ የአንድ ክፉ ሰው ስም ወስዶ፣ ችግሩን በቅጽበት የሚፈታበት አጋጣሚ ስጪው። ከሦስቱ በአንዱ ይውደቅ። ከ20ኛው ምዕራፍ እስከ 25ኛው ባለው ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንባቢ ማመን የጀመረበት ቦታ ነው። የወሰደው 42ኛ ስም ሆኖ መዝገቡ ላይ ይጻፍ።

ይቅርታው ቶሎ የመጣው ደምሳሽ በራሱ እግር ሄዶ በር ስላንኳኳ ነው። አገራችን የደም እርቅ እንዴት እንደሚካሄድ አስቢ። በዳይ በቀጥታ ወደ ተበዳይ ደጅ አይሄድም፤ ርቆ ይቀመጣል። ሽማግሌዎች ይላካሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይላካሉ። የመጀመሪያው መልስ እምቢታ ነው፤ መሆንም ያለበት እሱ ነው። ጥፋቱን ሳይሸራርፍ ያምናል፣ ካሳው ይቆረጣል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይወድቃል። ይህ ሥርዓት ለልቦለድ የተዘጋጀ ሴራ ነው፤ እያንዳንዱ ምልልስ አንድ ትዕይንት ይሆንሻል። ምናባዊ አገርሽ የራሱን ሥርዓት ሊፈጥር ይችላል፣ ነገር ግን ሁለት ነገር አትተዪ፦ በመካከል የሚቆም ሰው፣ እና ተበዳይ እምቢ የማለት መብት። ከአራቱ ዋና ተበዳዮችሽ አንዷ ዘግይታ ይቅር ትበል። አንዱ እስከ መጨረሻው አይበል፣ መጽሐፉም እሱን ልበ ደንዳና አድርጎ አይቅጣው። አንዱ ይቅርታውን ለጥቅሙ ይሽጠው። አራተኛው ሕፃን ሆኖ ስሙ የተወሰደበት ነው፤ ምን እንዳጣ ስለማያውቅ ይቅር የሚለውም አያውቅም።

አማርኛሽ ደግሞ ገና ያልተጠቀምሽበት መሣሪያ ሰጥቶሻል። 1ኛው ምዕራፍ ላይ ደምሳሽ ሁሉንም «አንተ» ሲል ሁሉም እሱን «አንቱ» ይሉታል፤ ጥሩ። 21ኛው ምዕራፍ ላይ ግን አሁንም አሮጊቷን «አንቺ» ይላቸዋል፣ እሳቸውም «አንቱ» ይሉታል። ሰውየው ተጸጽቷል ብለሽ ጽፈሻል፣ ተውላጠ ስሙ ግን አልሰማም። ፋይሉን ክፈቺና «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «አንቱ» የሚሉትን አንድ በአንድ ፈልጊ፤ በእያንዳንዱ ትዕይንት ማን ማንን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ እንደሚጠራ መዝግቢ። አንድ ቀን አንድ ተበዳይ «አንቱ»ን ትቶ «አንተ» ሲለው ደምሳሽ ይቆጣ፣ ወዲያው ቁጣውን ይዋጠው። በአንድ ፊደል ልዩነት ትዕይንት ሠራሽ ማለት ነው። ተራኪዋ አንቺ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «እሱ» በይው። የይቅርታ ቃላቱንም እንደዚሁ ለያቸው። «እግዜር ይቅር ይበልህ» ጨዋ እምቢታ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳዩን ወደ ላይ መምራት ነው። «ይሁን» ድካም ነው። «ይቅር ብዬሃለሁ» ብቻ ነው ከተናጋሪው ልብ የሚወጣው። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይባል።

21ኛው ምዕራፍ ላይ እንዲህ ጽፈሻል፦ «ደምሳሽ ልቡ በጸጸት እሳት ተቃጠለ። እንባው እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። ‹ምን ዓይነት አውሬ ነበርኩ!› ብሎ ጮኸ።» ሦስቱም ዓረፍተ ነገር የሚናገሩት ስለ እሱ ነው። ያንኑ ትዕይንት፣ ያንኑ የአሮጊቷን ቤት ወስደን እንደሚከተለው ሞከርነው፤ ስም ያወጣንላቸው እኛ ነን።

«እመት ደብሬ ሦስት ሲኒ ቀዱ። አንዱን ለእንግዳው ሰጡት። ሁለተኛውን ይዘው ወደ ደጅ ዞሩ፤ ውጭ አንድ ጎረምሳ እንጨት ይፈልጣል። ‹አንተ› አሉ። መጥረቢያው አላቆመም። ‹አንተ... እንጨት የምትፈልጠው...› ከንፈራቸው ሌላ ነገር ፈለገ፣ አጣው። ሲኒውን መልሰው ረከቦቱ ላይ አኖሩት። ‹ይቀዘቅዛል› አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ደምሳሽ ሲኒውን አየው። ታየ የሚለው ስም ምላሱ ሥር እንደ ጠጠር ተቀምጧል።»

ጸጸት የሚል ቃል የለበትም፣ ያለቀሰም የለም። እናትየው ያጡት ነገር እየቀዘቀዘ ባለ ቡና ታየ። አንባቢ «ንገራቸው እንጂ!» ብሎ ይበሳጫል፤ የምትፈልጊው ያን ብስጭት ነው። ደምሳሽ ስሙን ቢናገር ከራሱ የሚጠፋበት ትዝታ ምን እንደሆነ ቀድመሽ ካሳወቅሽን ደግሞ ዝምታው ፍርሃት ይሁን ስስት እንመዝናለን። ሦስተኛው ሲኒ የእመት ደብሬ ነው፤ እሳቸውም ሳይጠጡት ይቅር።

መሞቱን በተመለከተ ሐሳባችን አይሙት ነው። 41 ሲቀነስ 9፣ 32 ሰው ስሙን ሳያገኝ ቀርቷል፤ ስሞቹ ያሉት በእሱ ዘንድ ስለሆነ ከእሱ ጋር ተቃጠሉ ማለት ነው። ያዳናት ሕፃን ደግሞ መዝገቡ ውስጥ የለችም። ለአንዲት እንግዳ ልጅ ያደረገው ጀግንነት ለ32ቱ የሚከፈል ሒሳብ አይሆንም፤ እነሱ ዘንድ ሞቱ ሁለተኛ በደል ነው። የግድ ይሙት ካልሽ የቀሩትን ስሞች ለሌላ ሰው አስረክቦ ይሙት፤ ያ ሰው ዋጋውን ከራሱ ትዝታ ለመክፈል ለምን እንደተስማማ ደግሞ ቢያንስ አራት ምዕራፍ ቀድሞ ይታይ። እኛ ግን የምንመርጠው በሕይወት ኖሮ፣ ማንም ሳያጨበጭብለት፣ 27ኛውን ስም ይዞ አንድ የማያውቀው ደጅ ፊት ሽማግሌዎቹ እስኪወጡ ሲጠብቅ መጽሐፉ ቢያልቅ ነው። የእሳቱን ትዕይንት ከወደድሽው ወደ መካከል አምጪው፣ ሕፃኗም ከ41ዱ የአንዷ ልጅ ትሁን። እናትየው ልጇን ተቀብላ በሩን ትዝጋበት።

እንዴት ትጀምሪ? 312ቱን ገጽ ከገጽ 1 እያረምሽ አትነሺ፤ 40ኛው ገጽ ላይ ይደክምሻል። መጀመሪያ መዝገቡን ጨርሺ። ቀጥሎ የአራቱን ተበዳዮች አንዳንድ ምዕራፍ በእነሱ አንጻር ጻፊ፣ እያንዳንዳቸው ከ8 እስከ 10 ገጽ። ከዚያ 1ኛውን ምዕራፍ እንደ አዲስ፣ ከዚያ አስማቱን በዋጋው መሠረት ከፊት እስከ ኋላ አስተካክይ። ተውላጠ ስሞቹ መጨረሻ ላይ ይምጡ። ሲያልቅ ለሌሎች አምስት ሰዎች፣ ላላነበቡት፣ የመጀመሪያዎቹን 60 ገጾች ብቻ ስጪ። «ወደዳችሁት?» ብለሽ አትጠይቂ። እርሳስ ስጪያቸውና ደምሳሽን የጠሉበት ቦታ ላይ አንድ መስመር፣ ሊያምኑት የጀመሩበት ቦታ ላይ ሁለት መስመር እንዲያሰምሩ ንገሪያቸው። በ60 ገጽ ውስጥ ሁለት መስመር ያሰመረ ሰው ካለ፣ አሁንም ቸኩለሻልና ያን ቦታ ፈልገሽ ቁረጪው። የመጀመሪያውን የተበዳይ ምዕራፍ ስትጨርሺ ላኪልን፤ የመሬቱ ሰውዬ ወንድም ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ማየት እንፈልጋለን።